ክሮስቦው ለአጋዘን አደን፦ ለምን ይመረጣል፣ እንዴትስ ይያዛል?

በደጋን የሚያድን ሰው የሚጨነቀው ፍላጻው በሚወነጨፍበት ጊዜ ሳይሆን አውታሩን በሚስብበት ጊዜ ነው። አጋዘኑ 20 ያርድ (18 ሜትር ገደማ) ላይ ቆሟል፣ ጆሮውን ቀስሯል። አዳኙ ደግሞ ክንዱን አንስቶ፣ ትከሻውን ወጥሮ፣ አውታሩን እስከ ጉንጩ ማምጣት አለበት። አጋዘን የቆመን ሰው ላያስተውል ይችላል፤ የሚንቀሳቀስን ክንድ ግን አይስተውም። ዘመናዊው፣ መዘውር የተገጠመለት ኮምፓውንድ ደጋን ቢሆንም ይህን አያስቀርም። 60 ፓውንድ (27 ኪሎ ገደማ) የሚስብ ደጋን መዘውሮቹ 80 በመቶውን ቢያቀሉለትም 12 ፓውንድ በጣት ላይ ይቀራል፤ አጋዘኑ ከዛፍ ጀርባ ሁለት ደቂቃ ከቆመ ክንድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ክሮስቦው፣ ማለትም በሰደፍ ላይ ተጋድሞ የተገጠመና በቃታ የሚተኮስ ደጋን፣ ይህን እንቅስቃሴ ከወሳኙ ቅጽበት ያወጣዋል። አውታሩ የሚወጠረው ገና ማለዳ፣ አጋዘን በአካባቢው ሳይኖር ነው፤ ከዚያ በኋላ መቆለፊያው ይይዘዋል። አጋዘኑ ሲመጣ ማነጣጠርና ቃታ መሳብ ብቻ ይቀራል። አዳኞች ክሮስቦውን የሚመርጡበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌሎቹ ከዚህ ይከተላሉ። ትከሻው የተጎዳ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ክንዱ ገና ያልጠና ወጣት፣ በክረምት ሦስት ካፖርት ደርቦ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እኩል ይተኩሳል። ደጋን ወራት የሚፈጅ የጡንቻ ልምምድ ይጠይቃል። ክሮስቦው ግን በሰደፍና በስኮፕ (በማነጣጠሪያ መነጽር) ስለሚተኮስ፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ኢላማውን ማግኘት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሰደፍ፣ ቃታና ስኮፕ ስላለው ክሮስቦው እንደ ጠመንጃ ሩቅ የሚመታ ይመስላቸዋል። ክሮስቦው መሳቡን ያቀልላል እንጂ ርቀቱን አያራዝምም። 400 ግሬን፣ ማለትም 26 ግራም ያህል የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 350 ጫማ ሲወነጨፍ የሚይዘው ጉልበት 109 ጫማ ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የተለመደ የአጋዘን ጠመንጃ ከ2,000 በላይ ይዞ ይወጣል። ጥይት ሥጋና አጥንት እየሰባበረ ይገድላል፤ ፍላጻ ግን ቆርጦ፣ ደም አፍስሶ ነው የሚገድለው። ስለዚህ የፍላጻው ጫፍ ስለት ሳንባ ወይም ልብ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ከዚያ ውጪ የሚያርፍ ፍላጻ እንስሳውን ያሰቃያል። ለአዲስ አዳኝ እስከ 30 ያርድ፣ ለተለማመደ እስከ 40 ያርድ ይበቃል። ማስታወቂያዎች 100 ያርድ ላይ ፎም ኢላማ ሲመቱ ያሳያሉ፤ ፎም ኢላማ ግን አይሰማም፣ አይዘልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕግና ቦታ ነው። በአሜሪካ የቀስት ወቅት ከጠመንጃ ወቅት ቀድሞ ይከፈታል፣ ይረዝማልም። በቨርጂኒያ በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ይጀምራል፤ በኦሃዮ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መግቢያ ይቆያል። ኦሃዮ ክሮስቦውን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ቨርጂኒያ በ2005 ለሁሉም አዳኝ ከፍታለች። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ የአጋዘኑን ቁጥር ለመቀነስ በመናፈሻዎቹ ውስጥ የቀስት አደን መርሐ ግብር ያካሂዳል። ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ፍላጻው አጭር ርቀት ሄዶ መሬት ላይ የሚቀር መሣሪያ ተመራጭ ነው። ሕጉ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኦሪገን ክሮስቦውን ለአደን አትፈቅድም። ፔንሲልቬንያ ቢያንስ 125 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ የስለቱ ስፋት ቢያንስ 7/8 ኢንች እንዲሆን ታዛለች። በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ብሪታንያና ጀርመን አጋዘንን በፍላጻ ማደን ይከለክላሉ። በየትኛውም ግዛት የአደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአዲስ አዳኝም አብዛኛውን ጊዜ የአዳኝ ትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል።

ክሮስቦው ጉድለትም አለው፤ መሣሪያው እጃችሁ ከገባ በኋላ እንዳይደንቃችሁ አስቀድማችሁ እወቁት። ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ይመዝናል፤ አፉ ላይ ስለሚከብድ ክንድ ላይ ብቻ ይዞ ማነጣጠር ያደክማል። ሁለተኛ ፍላጻ ለማጉረስ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በተግባር አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላችሁ። ድምፁም ከደጋን ይበልጣል። ለምን ይህ እንደሚያሳስብ ወደ በኋላ እናያለን።

ሲገዙ ፍጥነት ላይ አይሯሯጡ። በሰከንድ ከ330 እስከ 380 ጫማ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ድምፁ ይጨምራል፣ አውታሩ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም በብዙ ይንራል። ከፍጥነት ይልቅ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ ተወጥሮ ሳለ የደጋኑ ክንፎች ስፋት ስንት ነው? ጠባቡ በአደን ድንኳን ውስጥና ዛፍ ላይ በሚታሰር ማማ ላይ እንደልብ ይዞራል፤ ሰፊው የዛፍ ግንድ ወይም የድንኳን መስኮት ይመታል፤ ሲተኮስ ክንፉ አንድ ነገር ከነካ ፍላጻው የት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ክንፉም ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛ፣ ፍላጻ ሳይጎርስ እንዳይተኮስ የሚይዝ መቆለፊያ አለው ወይ? ሦስተኛ፣ ፍላጻው ከሚተኛበት ሐዲድ በታች የጣት መከለያ አለው ወይ? ይህ ሦስተኛው ትንሽ ይመስላል፤ ከፊት የሚይዘው እጅ አውራ ጣት ከሐዲዱ በላይ ከወጣ ግን አውታሩ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ይቆርጠዋል። በክሮስቦው ከሚደርሱ ከባድ ጉዳቶች አንዱ ይኸው ነው። ገና ሳይወጥሩ፣ አራቱንም ጣትና አውራ ጣትን ከሐዲዱ በታች አድርጎ የመያዝን ልማድ ያስይዙ።

ፍላጻውን ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን ወይም አምራቹ የጻፈውን ብቻ ይጠቀሙ። ርዝመቱ፣ አጠቃላይ ክብደቱና የጭራው ቅርጽ መግጠም አለባቸው። ጭራው፣ አዳኞች ኖክ የሚሉት፣ ጠፍጣፋ፣ ጨረቃ ቅርጽ ወይም አውታሩን የሚነክስ ይሆናል፤ የተሳሳተ ኖክ ሲገባ አውታሩ ከፍላጻው በላይ ወይም በታች ያልፋል፣ ክሮስቦውም ባዶውን እንደተተኮሰ ይሆናል። ባዶ መተኮስ ክንፉን ይሰነጥቃል፣ አውታሩን ይበጥሳል፣ መዘውሩን ያጣምማል። ከአምራቹ ዝቅተኛ ክብደት ያነሰ ቀላል ፍላጻም ቀስ በቀስ ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ ፍላጻው ሊወስደው ያልቻለው ጉልበት ወደ ክንፎቹ ይመለሳልና።

አወጣጠሩ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ የአነጣጠር ችግር ብለው ሰዎች የሚያማርሩበት ግማሹ የአወጣጠር ችግር ነው። ሴፍቲውን (ቃታው እንዳይሠራ የሚያግደውን) እና መቆለፊያውን መመሪያው እንደሚለው ካዘጋጁ በኋላ፣ የመሣሪያውን አፍ መሬት ላይ ያድርጉና እግርዎን አፉ ላይ ባለው እርካብ ውስጥ እስከ ጫማው መካከል ያስገቡ። ጣት ብቻ ከገባ እርካቡ ያመልጥና ሰደፉ አገጭ ይመታል። የመወጠሪያውን ገመድ በሰደፉ ጀርባ ባለው ቦይ አሳልፈው ሁለቱን መንጠቆዎች ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እኩል አውታሩ ላይ ያንጠልጥሉ። ገመዱ ክብደቱን በግማሽ ያወርደዋል፤ 180 ፓውንድ የሚስበው ወደ 90 ይወርዳል፣ እሱም ለሁለት እጅ ይከፈላል። ጀርባዎን አቅንተው፣ ሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ፣ መቆለፊያው ጠቅ እስኪል ይሳቡ። በግማሽ መንገድ አይልቀቁ። አንዱ እጅ ከቀደመ አውታሩ ወደ ጎን ያደላና ፍላጻው በ40 ያርድ ላይ በኢንቾች ይስታል፤ ለዚህ ቀላሉ መድኃኒት ገና ሳይወጠር አውታሩ ሐዲዱን በሚነካበት ግራና ቀኝ በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ከተወጠረ በኋላ ሁለቱ ምልክቶች ከሐዲዱ እኩል ካልራቁ ይፍቱና (አፈታቱ ወደ መጨረሻው አለ) ይድገሙ። ገመዱ ለሚከብደው ማዞሪያ እጀታ ያለው ዊንች አለ፤ ቀስ ብሎ ግን ሁልጊዜ እኩል ይወጥራል። ዊንቹ ሲፈታ እጀታው ከእጅ ካመለጠ በኃይል ይሽከረከራልና አጥብቀው ይያዙ።

ፍላጻው ሲጎርስ ቀለሙ የተለየው ላባ ቦይው ውስጥ ወደ ታች ይተኛል። ኖኩ አውታሩን እስኪነካ ወደ ኋላ ይግፉት። ትንሽ ክፍተት እንኳ ከቀረ መቆለፊያው ይይዘዋል ወይም ፍላጻው ይሰበራል።

ኢላማ ማስተካከል በ20 ያርድ ይጀምራል፤ ክሮስቦው በቦርሳ ወይም በድጋፍ ላይ ተጋድሞ። የስኮፑን የላይኛ መስመር ተጠቅመው ሦስት ፍላጻ ይተኩሱ፤ ሦስቱንም አንድ ነጥብ ላይ አይተኩሱ፣ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል። በስኮፑ ላይ አንድ ጠቅታ በ100 ያርድ 1/4 ኢንች የሚል ከሆነ፣ በ20 ያርድ አንድ ኢንች ለማንቀሳቀስ 20 ጠቅታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አምስት አዙሮ ምንም አልተለወጠም ብሎ ስኮፑን ይወቅሳል። 20 ያርድ ከተስተካከለ በኋላ ወደ 40 ይሂዱና ታችኛውን መስመር ይሞክሩ። ስኮፑ የፍጥነት ቀለበት ካለው፣ ፍላጻው ዝቅ ብሎ ካረፈ ቀለበቱን ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከፍ ብሎ ካረፈ ወደ ከፍተኛ ያዙሩ። በመጨረሻ የልምምዱን ጫፍ አውልቀው የአደኑን ስለት ገጥመው ይድገሙት። ቋሚ ስለት ነፋስ ስለሚይዝ ከልምምዱ ጫፍ የተለየ ቦታ ሊያርፍ ይችላል፤ ይህን ጫካ ውስጥ ማወቅ ዘግይቷል። የተለማመዱበትን ስለት ለአደን አያውሉት፤ ደንዝዟል።

ርቀትን በዓይን መገመት ያታልላል። የ30 ያርዱን መስመር ይዘው በእርግጥ 40 ያርድ ላይ የቆመ አጋዘን ላይ ቢተኩሱ፣ በሰከንድ 350 ጫማ የሚሄደው ፍላጻ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። የሚገድለው ክልል ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ያወርድዎታል። የርቀት መለኪያ ይግዙ፤ ማማው ላይ እንደወጡም በዙሪያዎ ያሉ ዛፎችን ይለኩና ያጥኑ።

ማማ ላይ ሲወጡ ሙሉ አካል የሚይዝ መታጠቂያ ከመሬት እስከ መቀመጫው ሳይፈታ ይታሰር። ክሮስቦውን መሬት ላይ ወጥረው፣ ሴፍቲውን አድርገው፣ ፍላጻ ሳያጎርሱ በገመድ ወደ ላይ ይሳቡት። ማማ ላይ ጎንበስ ብሎ መወጠር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስህተት ነው። ፍላጻው የሚጎርሰው ተቀምጠው፣ ታስረው፣ መሣሪያው ፊት ለፊት ሲያመለክት ነው። ነፋሱ ከአጋዘኑ ወደ እርስዎ እንዲነፍስ ይቀመጡ፤ ካልነፈሰ ቦታ ይቀይሩ፤ የትኛውም ካሙፍላጅ (ከጫካው ጋር የሚመሳሰል ልብስ) ጠረንን አይደብቅም።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። ድምፅ በሰከንድ 1,100 ጫማ ገደማ ይጓዛል፣ ፍላጻው ግን 350። 40 ያርድ ላይ ያለ አጋዘን አውታሩን የሚሰማው ፍላጻው ከመድረሱ ሩብ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ነው። የደነገጠ አጋዘን ለመሮጥ ሲል መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ የሳንባው መሃል ላይ የተነጣጠረው ፍላጻ ከጀርባው በላይ ያልፋል ወይም አከርካሪው አጠገብ ይገባል። 20 ያርድ ላይ ግን ልዩነቱ ግማሽ ይሆናል፤ ለመጠጋት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ከወርቹ ኋላ፣ ከደረቱ ታችኛ ሲሶ ላይ ያነጣጥሩ። ካልዘለለ ልቡን ያገኛል፣ ዝቅ ካለ ሳንባውን። አንገቱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ወደ እርስዎ ባዞረ አጋዘን ላይ ይቆዩ፤ ሣር መንጨት ሲጀምር ይሻላል።

የሚተኮሰው ጎኑን ሙሉ ሲሰጥ ወይም ፊቱን ትንሽ ከእርስዎ ወዲያ አዙሮ ሲሄድ ነው። ወደ እርስዎ ፊቱን ያዞረ አጋዘን ላይ አይተኩሱ፤ የደረትና የወርች አጥንት ፍላጻውን ያስቆመዋል ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ያዞረዋል። ከማማ ላይ ሆነው የሚገባበትን ሳይሆን የሚወጣበትን ቦታ ያስቡ፤ ፍላጻው በሁለተኛው ጎን ዝቅ ብሎ ቢወጣ ደሙ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ዱካውም ይታያል።

ከተተኮሰ በኋላ አይውረዱ። አጋዘኑ የቆመበትንና የጠፋበትን ዛፍ በዓይንዎ ይያዙ፣ ሰዓት ይመልከቱ። ወርደው ፍላጻውን ሲያገኙ ምልክቱን ያንብቡ። አረፋ ያለው ሮዝ ደም ሳንባ ነው፤ ደማቅ ቀይና ብዙ ከሆነ ልብ ወይም ትልቅ ሥር። ለእነዚህ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጠቆር ያለ ደም ጉበት ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይጠይቃል። አረንጓዴ፣ የፈርስ ሽታ ያለው ከሆነ ጨጓራ ወይም አንጀት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳይነኩ ይተዉት። እንዲህ የተመታ አጋዘን ካልተባረረ ሳይርቅ ይተኛል፤ ቶሎ ከተከተሉት ግን ተነሥቶ ደም ሳያንጠባጥብ ብዙ ርቀት ይሄዳል፣ ሥጋውም እንስሳውም ይጠፋሉ። ዱካውን ሲከተሉ ደሙ ላይ አይርገጡ፣ የመጨረሻውን ጠብታ በወረቀት ምልክት እያደረጉ ይሂዱ።

ቀኑ ካለቀና ካልተኮሱ፣ ክሮስቦውን ተወጥሮ ወደ መኪና አያስገቡ። በብዙ ግዛት የተወጠረ ክሮስቦው እንደ ጎረሰ ጠመንጃ ይቆጠራል። ለመፍታት ጫፉ ድፍን የሆነ የማራገፊያ ፍላጻ ወደ ለስላሳ አፈር ወይም ወደ ትንሽ ፎም ይተኩሱ፤ በአዲሶቹ ሞዴሎች ዊንቹን ወደ ኋላ በማዞር ይፈታል። አውታሩን በእጅ ይዞ ቃታ መሳብ በምንም ዓይነት አይሞከር። በየ10 እስከ 15 ተኩስ አውታሩን ሰም ይቀቡ፣ ክር የተጠመጠመበትን መካከል ግን ይተዉት፤ ለእሱና ለሐዲዱ አምራቹ የፈቀደውን ቅባት በስሱ ይጠቀሙ። የተበጣጠሰ ክር ካዩ አውታሩ ይቀየር።

ስለ ሥጋው ጥቂት። አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው። ለክርስቲያኑ ጥያቄው የአሟሟቱ ነገር ነውና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ሙስሊሙ ፍላጻውን ሲለቅቅ ቢስሚላህ ይላል፤ በሕይወት ከደረሰበት ያርደዋል። በቨርጂኒያ ወንዱ ሴቷን የሚያባርርበት ምርጡ ወቅት ኖቬምበር አጋማሽ፣ በእኛ ኅዳር መግቢያ ላይ ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና ለጾመኛ ቤት ፍሪዘር ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሆዱን በሰዓት ውስጥ ያውጡ፣ በረዶ ያስገቡበት፣ ሽንጡንና ታፋውን ለይተው ያቀዝቅዙ። ሥጋው ጮማ ስለሌለው ለጥብስ ቅቤ ወይም የበሬ ስብ ይፈልጋል፤ ለቋንጣ ግን እንደ እሱ ያለ የለም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ አይሆንም፤ የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያንና ባክቴሪያ ይይዛል፣ የቤት ፍሪዘርም ባክቴሪያውን አይገድልም። የአጋዘኖች የአንጎል በሽታ በታየባቸው ካውንቲዎች የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ጭንቅላቱን ወስዶ ይመረምራል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለብቻው ምልክት አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት።